ተሸናፊ ይነሣ

ቦንጋ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዮሴፍ፣

እንዴት ከርመሃል? ሚስትህስ? ያ የሚያዞራት ነገር ተዋት? እኛ ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ አንተ ግን "ደህና ነን የሚል ደብዳቤ ከላክሽልኝ አላነበውም" ስላልከኝ ዘለልኩት።

በስልክ የማልነግርህ ለምን እንደሆነ ታውቃለህ። እዚህ ቴሌ ገብቶ ማውራት አደባባይ ቆሞ እንደመለፈፍ ነው። መስመሩ ስለማያሰማ ትጮሃለህ፣ ተራ የሚጠብቀው ሁሉ ጆሮውን ይሰጥሃል። ባለፈው ካንተ ጋር አውርቼ ገና ቤቴ ሳልደርስ ጎረቤቴ እትዬ ውባየሁ አጥሩን ተደግፈው "አይዞሽ ተሾመች፣ ጅማ ያሉት ሐኪሞች ቢያቅታቸው እግዜር አያቅተው" አሉኝ። ከኔ ቀድሞ ወሬው ቤት ገብቷል።

ለኢያሱ ምን ልላክለት ብለሃል። ተሽከርካሪ ወንበር ያልከውን ተወው። የቤታችንን መውጫ ረሳኸው እንዴ? ደረጃው አለ፣ ከደረጃው ቀጥሎ ጭቃው፣ ከጭቃው ቀጥሎ ዳገቱ። ወንበሩ ቢመጣ ቤት ውስጥ የሚቆም አንድ ተጨማሪ በሽተኛ ነው። ሬዲዮ ያልከውንም አለው፤ አይከፍተውም። ልጄ ከዋጫ ቡና ከጫነው አይሱዙ ላይ ከወደቀ ወዲህ እግሮቹ የሱ አይደሉም፤ አሁን ደግሞ ፊቱንም ነሥቶኛል። እንደ ንጉሡ ሕዝቅያስ ወደ ግድግዳው አዙሮታል። ሕዝቅያስስ እየጸለየ ነበር። ይኼኛው ዝም ብሎ ግድግዳውን ነው የሚያየው።

ስለ ጓደኞቹ አልጠየቅኸኝም፤ ዋናው ግን እሱ ነው። አሞጽንና ሣህሌን ታስታውሳቸዋለህ፤ ኳስ ሲጫወቱ በግራና በቀኙ የሚሰለፉት ልጆች። መጀመሪያ ላይ በየቀኑ ይመጡ ነበር። በሽተኛ መጠየቅ ደግሞ ታውቀዋለህ። "እግዜር ይማርህ" ትላለህ፣ ትቀመጣለህ፣ ጣሪያ ታያለህ፣ "በል እንግዲህ ይማርህ" ብለህ ትወጣለህ። ሽማግሌ ይችለዋል። የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ግን እስከ መቼ "ይማርህ" ሲል ይኖራል? ወሬ አለቀባቸው። ቀስ በቀስ ቀሩ። አልተቀየምኳቸውም። እሱ ግን የግቢው በር በተንኳኳ ቁጥር አንገቱን ቀና ሲያደርግ አየዋለሁ፤ የመጣው ዱቄት ተበዳሪ ሆኖ ሲያገኘው ደግሞ ይመልሰዋል። እኔ ኮረሪማ ልሰበስብ ሺሺንዳ ገበያ ከወረድኩ እስክመለስ ብቻውን ነው።

አሁን ያልጠበቅኸውን ልንገርህ። ጅማ ተኝቶ ሳለ ከመስኮቱ ማዶ ልጆች የሚጫወቱበት ቤት ነበር፤ ፕሌይስቴሽን ይሉታል፣ በቴሌቪዥን ነው የሚጫወቱት። ቀኑን ሙሉ ሲሳሳቁና ሲሰዳደቡ እንሰማ ነበር። "አጎትህ ምን ይላክልህ?" ስለው ወደ ግድግዳው እንደዞረ "ፕሌይስቴሽን" አለ። ትንሽ ቆየና "ቀልዴን ነው" አለ። ቀልዱን አልነበረም።

እንግዲህ ሂድና እይልኝ። ማሽኑን ለስሙ ብለህ እንዳትገዛ። ዕቃው ምን ቢያምር ጨዋታው ካልረባ ምን ይሠራል? የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ለሁለት ሰው የሚሆን ጨዋታ አለው ወይስ የለውም? ሁለተኛ ሰው ቤቴ ገብቶ፣ ጣሪያ ማየቱን ትቶ፣ እጁን የሚያሠራበት ነገር ነው የፈለግሁት። ለብቻ ከሆነ ይቅር። ብቸኝነቱማ እዚሁ ሞልቶለታል፣ ከአዲስ አበባ አይጫንለትም።

እህትህ ተሾመች


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 20 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም፣

መልሴ ስለዘገየ ይቅር በዪኝ። ሥራ በዝቶብኝ አይደለም፤ ስጫወት ነው። አትሳቂ። አይተህ ጻፍልኝ ያልሽው አንቺ ነሽ፤ ሳይጫወቱ ማየት ደግሞ ወጡን ሳይቀምሱ ጨው አነሰው እንደማለት ነው። ስለዚህ ከእንጨት ሥራ ቤቱ ስወጣ ፒያሳ ጀርባ ወዳለች አንዲት ጠባብ ቤት ጎራ እላለሁ። ቫርኒሽ ቫርኒሽ የሚሸት መላጣ ሰውዬ በልጆች መሃል። የመጀመሪያ ቀን የአንዳቸው አባት መሰልኳቸው መሰለኝ፣ ሁሉም ደብተሩን አንሥቶ ወደ በሩ ተጠጋ።

ማሽኑ አንድ ዓይነት አይደለም። አንደኛው እንደ ቴፕ ካሴት የሚጎርስ ነው። ጨዋታው ብዙ ነው ብለው ያወድሱታል። አየሁት፤ አንድ ትንሽ ሰውዬ ጉድጓድ እየዘለለ ይሮጣል፣ ሲወድቅ ይሞታል። ሦስት ነፍስ አለው። ሦስቱም ሲያልቁ እንደገና ከሀ ይጀምራል። ኢያሱ ወድቆ የሚነሣ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲያይ መዋል የለበትም ብዬ ተውኩት።

ሲዲ የሚጎርሱት ናቸው ፕሌይስቴሽን የሚባሉት፤ አንደኛና ሁለተኛ አላቸው። ባለሱቁ ሁለተኛውን ሊሸጥልኝ ሲምል ሲገዘት ዋለ። "ጋሼ፣ በዚህኛው የተጫዋቾቹ ላብ ይታያል" አለኝ። ላብ ለማየት ነው እንዴ የምገዛው? ላብማ እኔ ራሴ አለኝ።

ጨዋታዎቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። ሰይፍ ይዞ ሰው የሚከትፍበት አለ፤ እትዬ ውባየሁ ቢያዩት ጠበል ይዘው ነው የሚመጡት። መኪና የሚነዱበት አለ፤ ያምራል፤ ግን መኪና ነው፣ ይገባሻል። አንድ ሰው ጨለማ ቤት ውስጥ ብቻውን ቁልፍ የሚፈልግበት አለ፤ እሱም ለአንድ ሰው ነው።

የቀረው እግር ኳሱ ነው፤ በአንደኛው ማሽንም ይሠራል። ለሁለት ነው፣ ለያንዳንዱ አንዳንድ ጆይስቲክ አለው። ለብቻም ይጫወቱታል፤ ያን ጊዜ ተጋጣሚሽ ማሽኑ ነው። ግን አይጥምም፣ እታለም። ሰው ሲያገባብሽ ይሰድብሻል፣ ስታገቢበትም ይሰድብሻል። ማሽኑ ዝም ነው። ደግሞ ቢያሸንፍም ቢሸነፍም አይነሣም።

አይነሣም ያልኩሽ ምን መሰለሽ፤ እዚያ ቤት አንድ ሕግ አለ። ግድግዳው ላይ በከሰል ተጽፏል፤ "ተሸናፊ ይነሣ" ይላል። ያሸነፈ ይቀመጣል፣ የተሸነፈ ወንበሩን ለተረኛ ይለቃል። ልመና የለ፣ ዕድሜ አይታይ። እኔ ከተቀመጥኩበት ጊዜ የቆምኩበት ይበልጣል። አንዱ የፊት ጥርሱ የወለቀ ፈልፈላ "ጋሼ፣ ለምን ቆመው አይጫወቱም? ከመነሣቱ ያርፉ ነበር" አለኝ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ኳስ ነው። እግሩን ያስረሳዋል ወይስ ያስታውሰዋል? ይኼን ከዚህ ሆኜ ልወስን አልችልም። ጠይቂው፣ ወይም ሳትጠይቂው እወቂልኝ። ስለ ዋጋው አንዲት ቃል እንዳትጽፊ።

ወንድምሽ ዮሴፍ


ቦንጋ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለወንድሜ፣

ደብዳቤህን ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ጥርሱ የወለቀው ልጅ ጋ ስደርስ ጀርባው ተንቀጠቀጠ። ደነገጥኩ፤ ለካ እየሳቀ ነው። ቀና ብሎ "እማ፣ እስቲ ድገሚው" አለኝ። ደገምኩለት። ከዚያ ዞረ። ፊቱን ካየሁት መቆየቴን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ ጢም አብቅሏል።

"ለሁለት ነው?" አለኝ። ለሁለት ነው አልኩት። እግሩን ያስታውሰዋል ወይ ላልከው፣ ፈርቼም ቢሆን ጠይቄዋለሁ። "ረስቼው አላውቅም እኮ" አለ። በቃ፣ ከዚህ ሌላ ምን ልበልህ?

በአውቶቡሱ ሾፌር በገብረ ሥላሴ አፍ ለላክኸው ጥያቄ መልሱ ቴሌቪዥናችን ጥቁርና ነጭ ነው። ባለ ቀለም ቴሌቪዥን ከየት አምጥቼ? ኢያሱ ግን መላ አለው፤ "አንዱ ቡድን ነጭ ማሊያ፣ ሌላው ጥቁር ይልበስ፤ አልቋል" ብሏል። አየህ፣ ማሰብ ጀምሯል።

በደብዳቤህ ጠርዝ ላይ ስለ መኝታ ቁስል በደቃቃው የጻፍከውንም አይቼዋለሁ። ጀርባው ደህና ነው፤ አገላብጠዋለሁ። ደህና የሚለውን ቃል እንደማታነበው አውቃለሁ። ግን ዛሬ የምንጽፈው ስለ ጨዋታው ነው፣ ስለሱ ብቻ እንጻፍ።

እትዬ ውባየሁ ሰምተው መጡ። "ለታመመ ልጅ ሰው አጥሚት ይልካል እንጂ ጨዋታ ይልካል?" አሉ። "አጥሚቱንማ አልጠጣ አለኝ እኮ፣ እትዬ" አልኳቸው። "እንግዲያው ይምጣ፤ ረቡዕና ዓርብ ግን እንዳይነካው" ብለው ሄዱ። ማሽኑ ሳይመጣ ጾም ታወጀበት።

ግዛው። ሁለተኛው ይቅር፣ ላባቸውን አናይም። አንደኛው ይበቃናል።

ተሾመች


አዲስ አበባ፣ ጥር 30 ቀን 1996 ዓ.ም.

እታለም፣

ማሽኑ ዛሬ ጠዋት በገብረ ሥላሴ መኪና ተጭኗል። የዘገየሁት መጀመሪያ ያገኘሁት ማሽን ጆይስቲኩ አንድ ብቻ ስለነበረ ነው። ባለሱቁ "አንድ ልጅ ካለህ አንድ ይበቃል" ብሎኝ ነበር፤ ሁለተኛው እስኪገኝ ጠበቅሁ። ሲዲውን ጠርዙን ብቻ ይዘሽ አውጪው፣ ልክ እንደ ፎቶ። ቢጫው ገመድ ለምስሉ፣ ሌሎቹ ለድምፅ ናቸው፤ አሞጽ ያውቀዋል።

ይኼን ደብዳቤ ግን ለሌላ ነገር ነው በጥድፊያ የምጽፍልሽ። ትናንት ዕቃውን ሳሽግ ስቄ፣ ለመቀለድ ብዬ፣ የካርቶኑን ክዳን ቆርጬ የዚያን ቤት ሕግ በቫርኒሽ ብሩሽ በትልልቁ ጻፍኩበትና ከላይ አደረግሁት። "ተሸናፊ ይነሣ።" መኪናው ከሄደ በኋላ ሻይ እየጠጣሁ ነው ለማን እንደጻፍኩት ትዝ ያለኝ። ሳያየው ቅደጂው። እባክሽ። ምን ዓይነት አጎት ነኝ?

ዮሴፍ


ቦንጋ፣ የካቲት 9 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለወንድሜ፣

ቅደጂው ያልክበት ደብዳቤ የደረሰኝ ካርቶኑ ከተሰቀለ በኋላ ነው። እኔ ገበያ ነበርኩ፤ ዕቃውን የፈቱት ኢያሱና አሞጽ ናቸው። ስመለስ ያ ሲያየው የከረመው ግድግዳ ላይ፣ ልክ ዓይኑ ፊት፣ "ተሸናፊ ይነሣ" ተለጥፏል። አሞጽን በዓይኔ ጠየቅሁት። "እሱ ነው ስቀለው ያለኝ፣ እትዬ" አለኝ።

አሁን በደንብ ስማኝ። የመጀመሪያው ጨዋታ ከሣህሌ ጋር ነበር። አሞጽ ጉሮሮውን ጠረገና "መቼም ይቺ ሕግ አንተን አትመለከትም" አለው።

"ለምን? እኔ አልሸነፍም?"

"መሸነፍማ ትሸነፋለህ። መነሣቱን ነው ያልኩት።"

እኔ ማጀት በር ላይ ቆሜ እሰማለሁ። ኢያሱ ጆይስቲኩን እያየ "እንግዲያው አንሡኝ" አለ። "ሕግ ሕግ ነው።"

ተሸነፈ። ሣህሌ ሊሽኮረመም አለ፤ ኢያሱ "ምን ትጠብቃለህ፣ ወንበሬን እፈልጋለሁ የሚል ተረኛ ቆሟል" ብሎ ተቆጣው። ፍራሹን ከነልጁ በአራት ማዕዘን አነሡት። በሩ ጠበባቸው፣ ተሳደቡ፣ ሣህሌ ጣቱን በመቃኑ አስጨፈለቀ። አውጥተው በረንዳው አግዳሚ ላይ አኖሩት። ከጅማ ከመጣ ጀምሮ ልጄ ሰማይ ያየው ያን ቀን ነው። መንገዱን አየ፣ ዳገቱን አየ፣ ከቢታ ገነት የሚመጣውን መኪና አየ። የእድራችን ዳኛ ጋሽ ሀብተሥላሴ ጥላቸውን ይዘው ሲያልፉ ቆሙና "ኢያሱ! ተነሣህ እንዴ?" አሉት።

"አይ ጋሼ" አላቸው፣ "ተሸንፌ ነው።"

ሽማግሌው አልገባቸውም፤ ግን ባርኔጣቸውን አንሥተው "እግዜር ይመስገን" ብለው አለፉ። እኔ ማጀት ገብቼ ምን እንዳደረግሁ አልጽፍልህም።

አሁን ቤቴ ገበያ ሆኗል። ልክ እንደ ዳዶ፣ እንደ እርሻው ደቦ፣ አንዱ ለአንዱ ተራ ይዘው ይመጣሉ። ይሰዳደባሉ፣ ቆሎዬን ይጨርሳሉ፣ በጭቃ ጫማ ይገባሉ። "ይማርህ" የሚል የለም። ካርቶኑን በመጻፍህ አትጸጸት።

ተሾመች


ቦንጋ፣ መጋቢት 12 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለወንድሜ፣

ከልጆቹ በጨዋታው ማን ይበልጣል ብለሃል? የእህትህ ልጅ ነዋ! ደብዳቤህን ሳነብለት ፈገግ ብሎ ዝም አለ፤ እኔ ግን ዝም አልልም። ከጾሙ መግቢያ ወዲህ አንድም ሰው አላሸነፈው። አሞጽን አራት ለባዶ፣ ሣህሌን ስድስት ለባዶ። ከሰፈሩ የመጡትን ሁሉ አሰናበታቸው። አሁን እነሱ ብቻ ናቸው የሚነሡት፤ እሱ እንደ ንጉሥ ተቀምጧል። ኮረሪማ ስሰበስብ ለሺሺንዳ ነጋዴዎች ሳይቀር ነግሬያቸዋለሁ። ኳስ በምን እንደሚመታ ስላልነገርኳቸው "ጎበዝ ልጅ አለሽ" አሉኝ።

እርግጥ በረንዳ ከወጣ ሰንብቷል፤ ማን አሸንፎት ይውጣ? እትዬ ውባየሁ "ልጁን ፀሐይ ነፈጋችሁት" ይላሉ። የሚያሸንፍ ሰው ፀሐይ ምን ያደርግለታል እላቸዋለሁ። ማታ ማታ ትንሽ ያተኩሰዋል፤ ብርድ ይሆናል። ባለፈው ሰኞ አሞጽ አንሶላውን ስቀይር አገዘኝ፤ ደግ ልጅ ነው። ምን እንደሆነ እንጃ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ጨዋታው ቀንሷል፤ ስድቡም ቀርቷል።

አሁን ማሽኑን በመግዛትህ ምን ያህል እንደማመሰግንህ በምን ልንገርህ?

ተሾመች


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 21 ቀን 1996 ዓ.ም.

እታለም፣

ደስታሽን ላበላሽ ነው፤ ይቅር በዪኝ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ዝም ልልም ፈልጌ ነበር። ስድስት ለባዶ የሚሸነፍ ሰው አለ፣ እሱም እኔ ነኝ። ሣህሌ ግን ኢያሱን ገና በመጀመሪያው ቀን ያሸነፈ ልጅ ነው። በአንድ ወር ውስጥ እንዴት እኔን ሆነ?

አሞጽ አንሶላውን ሲቀይር ምን አየ? እኔ ያንን ነው የምጠይቅሽ። ልጆቹ እንዳያሸንፉት የሚጠነቀቁት እንዳያነሡት ነው። ማንሣቱን ፈሩት። ጀርባውን ሐኪም አሳዪልኝ፣ ዛሬውኑ።

ደግሞ ኢያሱ አያውቅም ብለሽ እንዳታስቢ። ኳስ ተጫዋች ተጋጣሚው ሲለቅለት ከማንም በፊት ያውቃል። ፈገግ ብሎ ዝም አለ ያልሽኝ ለዚህ ነው።

ለፋሲካ እመጣለሁ። ከልጆቹ ይልቅ እኔ እሻላለሁ፤ ልምምድ ላይ ነኝ፣ ያን ጥርስ የሌለውን ልጅ እንኳ ትናንት ቀጣሁት። መጥቼ ያለ ርኅራኄ እመታዋለሁ፤ ራሴ አቅፌ በረንዳ አወጣዋለሁ። እንደዚህ ብለሽ ንገሪው።

ዮሴፍ


ቦንጋ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለወንድሜ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰህ። በር በሩን ስናይ ዋልን። ለምን እንደቀረህ በጻፍከው ላይ "ሥራ" ይላል፤ ገብረ ሥላሴ ደግሞ ሚስትህ ሆስፒታል መተኛቷን ነግሮኛል። ያልመጣህበት አልከፋኝም፤ የከፋኝ ከሾፌር መስማቴ ነው። እኔ የልጄን ጀርባ ደበቅሁህ፣ አንተ ሚስትህን ደበቅኸኝ። እንዴት ያለን ወንድምና እህት ነን?

ገምተህ የጻፍከው ሁሉ ልክ ነው። ቁስሉ ጥልቅ ሆኗል፤ እዚህ ሆስፒታል ያጥቡታል፣ ያሽጉታል። ሐኪሙ ሲያናግረኝ ዓይኑን ከመስኮቱ አላነሣም።

አሞጽን አስጠርቼ ጠየቅሁት። በረንዳ ሲያወጡት ኢያሱ ጥርሱን ነክሶ "አይዟችሁ፣ ምንም አይሰማኝም" ይላቸው ነበር። አሞጽ አንሶላው ላይ የቀረውን ካየ በኋላ "እትዬ፣ እጄ እምቢ አለኝ" አለኝ። ከሣህሌ ጋር ተመካክረው ነው መሸነፍ የጀመሩት። ለሌሎቹም ነግረዋቸዋል።

ኢያሱም ከመጀመሪያው ያውቅ ነበር። "እማ፣ ሣህሌ ባዶ ጎል እያየ ኳሷን ወደ ኋላ መለሳት" አለኝ። "ሜዳ ላይ ከእግሩ ኳስ ብትለምነው የማይሰጥ ልጅ።" እኔ ደግሞ ሺሺንዳ ድረስ ሄጄ ስፎክርበት ነበር።

አሞጽን ለመንኩት። እንደ ድሮው ምታው፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከዚያ እኔ አብሬ አነሣዋለሁ አልኩት። እሺ ብሎ ተቀመጠ። አንድ ለባዶ መራ፤ ኢያሱ አንገቱን ቀና አደረገ፤ ዓይኑ በራ፤ "አይቀርልህም" ብሎ ሰደበው። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል አሞጽ ኳሷን ሄዶ ሰጠው። ደግሞ ሰጠው። ሁለት ለአንድ።

ኢያሱ ጆይስቲኩን ደረቱ ላይ አኖረና ወደ ግድግዳው ዞረ። ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። ካርቶኑን ላንሣው ስለው "ተይው፣ ለሚነሣ ሰው ነው የተጻፈው" አለኝ። ትመጣለህ፣ ትመታዋለህ ብዬ ነገርኩት። "አጎቴ? እሱማ ጥርስ የሌለው ልጅ ይጫወትበታል" አለ። ፈገግ ያለ መሰለኝ፤ ፊቱን ስለማላየው እርግጠኛ አይደለሁም።

መብራት ጠፍቷል። የተቃጠለውን ትራንስፎርመር የሚተካ ከጅማ ይመጣል እያሉን ነው። እውነቱን ልንገርህ፣ መጥፋቱ አሳረፈኝ። በጨለማ የሚያሸንፍም የሚሸነፍም የለም።

ተሾመች


ቦንጋ፣ ሰኔ 18 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዮሴፍ፣

በስልክ የነገሩህን አልደግመውም። ቴሌ ውስጥ ያ ሁሉ ሰው እያዳመጠ የሰማኸው ይበቃሃል። ባለመድረስህ ይቅርታ አትጠይቀኝ፤ ሚስትህን አልጋ ላይ ትተህ ብትመጣ ኖሮ ነበር የምቀየምህ። እሷ እንዴት ናት? እንዳትደብቀኝ።

ማን አነሣው ብለህ ጠይቀኸኛል። ሌላ ሰው እንዲህ ብሎ አይጠይቅም፤ ለምን እንደጠየቅኸኝ ገብቶኛል።

ፍትሐቱ ሊደርስ ሲል ጋሽ ሀብተሥላሴ "በሉ አስከሬኑ ይነሣ" አሉ። የእድሩ ተሸካሚዎች ሊገቡ ሲሉ አሞጽና ሣህሌ በሩን ዘግተው ቆሙ። ጋሽ ሀብተሥላሴ "ተዉ ልጆቼ፣ ተረኞች አሉ፤ የእድሩ ደንብ ነው" አሏቸው። አሞጽ "ጋሼ፣ ተራው የኛ ነው" አላቸው። "ብዙ ጊዜ ዘለናታል።" ሽማግሌው ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ካርቶን አዩ፣ ዘጉት።

በሩ እንደ ድሮው ጠበባቸው። አልተሳደቡም። በረንዳው ላይ ሲደርሱ ሳይነጋገሩ ቃሬዛውን አግዳሚው ላይ አሳረፉት፤ እሱ ይቀመጥበት የነበረ ቦታ ላይ። ከእድሩ አንዱ "ከግቢ ሳይወጣ ምን ማሳረፍ ነው?" ብሎ አጉረመረመ። ጋሽ ሀብተሥላሴ በእጃቸው ዝም አሰኙት፤ ባርኔጣቸውን አነሡ። መንገደኛው ሁሉ ቆመ። እትዬ ውባየሁ ሙሾአቸውን አቋረጡ። ትንሽ ቆየን። ከዚያ አነሡት።

ማሽኑን ባልላክሁት ይሻል ነበር ወይ፣ ይገባ ነበር ወይ ብለሃል። አንድ ቀን "ተሸንፌ ነው" ብሎ በዚያ በረንዳ ሲስቅ አይቼዋለሁ። ለሱ ይገባ ነበር። ለቀረው ምን እንደምልህ አላውቅም። ለማንም አትስጪው ስላልክ አልሰጠሁትም።

አሞጽና ሣህሌ ለሰልስቱ መጡ። ተቀመጡ፣ ጣሪያ አዩ፣ "እግዜር ያጥናሽ" አሉ፣ ወጡ። ከዚያ ወዲህ አልመጡም። አልተቀየምኳቸውም።

መብራት መጥቷል። ትናንት ከሺሺንዳ ተመልሼ፣ ጭነቴን አራግፌ፣ ከፈትኩት። እነሱ ሲያደርጉ እያየሁ ተምሬዋለሁ። ሲዲውን ጠርዙን ይዤ አስገባሁት። አንዱን ጆይስቲክ እኔ ያዝኩ፣ ሌላውን አልጋው ላይ አኖርኩት። እኔ ነጮቹ ነበርኩ። ጥቁሮቹ ገቡ፣ አገቡብኝ፤ ደግመው አገቡብኝ። የሰደበኝ የለም። ሲያልቅ ካርቶኑን ቀና ብዬ አየሁና ከወንበሩ ተነሣሁ። ቆሜ ጠበቅሁ፤ የምለቅለት ሰው አጣሁ።

ለብቻ ሲጫወቱ ተጋጣሚሽ ማሽኑ ነው፣ ዝም ነው፣ ቢያሸንፍም ቢሸነፍም አይነሣም ብለህ ጽፈህልኝ ነበር።

እንዳልከው ነው።

እህትህ ተሾመች